ዜሮው ከመሬት ሲርቅ
(በሪያድ ሰናኢያ ለሚሠሩ የኤሌክትሪክ፣ የማቀዝቀዣና የመኪና ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር)

 የማወራው ስለ እጃችሁና ስለ ልባችሁ ስለሆነ በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ከማይክሮዌቭ እንጀምር። ውስጡ ማግኔትሮን የሚባል ክፍል አለ፤ ምግቡን የሚያሞቀው ሞገድ የሚወጣው ከዚያ ነው። በማግኔትሮኑ መሐል ያለችውን ቀጭን ሽቦ የሚያግለው ኮረንቲ 3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሰው «3 ቮልት ምን ያደርገኛል?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ምድጃው ሲሠራ ያቺው ሽቦ ከቆርቆሮው አካል አንጻር እስከ 4000 ቮልት ገደማ ወደ ኔጌቲቭ ትወርዳለች። በራሷ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት 3 ቮልት ነው፤ በእሷና በምትቆሙበት መሬት መካከል ያለው ግን ሰው ይገድላል። ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ባለ ሦስት ደረጃ መውጫን አስቡ። ደረጃዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ከሥሯ ያለውን ግን ደረጃ በመቁጠር አታውቁትም።

ተንሳፋፊ ቮልቴጅ የምንለው ይህንን ነው። አንድ መቆጣጠሪያ ቦርድ የራሱ ዜሮ አለው። በዚያ ዜሮ ላይ ተመሥርቶ 5 ቮልት፣ 12 ቮልት፣ 15 ቮልት ይላል። የእሱ ዜሮ ከመሬት ጋር ካልታሰረ ግን በቦርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእናንተ ለቆማችሁት ሰዎች ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ማንኛውንም ቦርድ ከመንካታችሁ በፊት እንድትጠይቁት የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ «5 ቮልት ከምን አንጻር?»

ይህ ነገር በትልቁ ሲሠራ እንዴት እንደሚያዝ ለማየት ወደ አገራችን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የኢትዮ-ኬንያ የኃይል ማስተላለፊያ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል። እስከ 2000 ሜጋ ዋት በ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ እንዲያሻግር የተሠራ ነው። በሶዶው ጣቢያ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጡት ታይሪስተሮች በረድፍ ተደርድረው አዳራሽ ውስጥ ይቆማሉ፤ እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ በየታይሪስተሩ አጠገብ የምታዝዘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አለች። እነዚህ ትናንሽ ቦርዶች ከመሬት በመቶ ሺዎች ቮልት ርቀው ይሠራሉ። ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከታይሪስተሩ ቮልቴጅ ነው፤ ከመሬት የሚሄድላቸው የኃይል ሽቦ የለም። «አሁን ክፈት» የሚለው ትእዛዝ የሚደርሳቸው በብርሃን ነው፣ በመስታወት ክር ውስጥ፤ መልሳቸውም የሚመለሰው በብርሃን ነው። የሚያቀዘቅዛቸው ውኃ እንኳ ኮረንቲ እንዳይመራ ጨዋማ ንጥረ ነገሩ ተጣርቶ የወጣለት ነው። አዳራሹ በሥራ ላይ እያለ ሰው አይገባበትም፤ በሩ የሚከፈተው ሁሉም ነገር ጠፍቶ ከመሬት ጋር ከታሰረ በኋላ ነው።

እዚሁ ሳዑዲም ታላቅ ምሳሌ አለ። የሳዑዲ ኮረንቲ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኩዌት፣ የባህሬን፣ የኳታር፣ የኤምሬትስና የኦማን ግን 50 ጊዜ ነው። ሁለቱ በቀጥታ አይገናኙም። ስለዚህ በምሥራቁ ክፍለ ግዛት ፋዲሊ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2009 የ1800 ሜጋ ዋት መለወጫ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ኤሲውን ወደ ዲሲ ለውጦ መልሶ ኤሲ ያደርገዋል። እዚያም ትእዛዝ የሚተላለፈው በዚያው በብርሃን መንገድ ነው።

ሶዶንና ፋዲሊን ያነሣሁት ለአድናቆት ብቻ አይደለም። በተንሳፋፊ ቦርድና በእኛ መካከል የሚያልፈው ነገር ሦስት ነው፤ ኃይል፣ መልእክትና እጅ። መሐንዲሶቹ ኃይሉን ነጥለው ሰጡት፣ መልእክቱን በብርሃን አሳለፉት፣ እጅን ደግሞ ከአዳራሹ አስወጡት። በወርሻችን ሰው የሚጎዳው ከሦስቱ አንዱ ሲረሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ መልእክቱ ነው።

አሁን ወደ ሙከየፍ፣ ማለትም ወደ አየር ማቀዝቀዣው፣ እንምጣ። ሪያድ በበጋ ከ45 ዲግሪ በላይ ስትግል ሰናኢያ ውስጥ የኤሲ ጠጋኝ እንቅልፍ የለውም። በመጀመሪያ የምትሠሩበትን ኮረንቲ እወቁት። የአገራችንን ለለመደ ባለሙያ አንደኛው ሽቦ ፌዝ ነው፣ ሌላው ኒውትራል ነው፣ በመካከላቸው 220 ቮልት አለ። በሪያድ አሮጌ ሕንፃዎች ግን 220 የሚገኘው ከሁለት ፌዞች ነው። እያንዳንዱ ከመሬት አንጻር 127 ቮልት ነው፤ ኒውትራል የሚባል እዚያ ሶኬት ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሳዑዲ መንግሥት ወደ 230/400 ቮልት ለመሸጋገር ወስኗል፤ አዳዲሶቹ ሰፈሮች በዚህ ይሠራሉ፤ አሮጌው ግን ገና አለ። ስለዚህ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ቴርሞስታቱ አንዱን ሽቦ ብቻ ቆርጦ ኮምፕረሰሩን ሲያቆመው፣ ኮምፕረሰሩ ጸጥ ይላል እንጂ አልሞተም። በሌላኛው ሽቦ በኩል ተርሚናሎቹ ላይ 127 ቮልቱ ይጠብቃል። ሁለቱንም ሽቦ በአንድነት የሚቆርጥ ብሬከር ሳታጠፉ፣ አጥፍታችሁም በመልቲሜትር እያንዳንዱን ከኧርዝ አንጻር ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ።

ኢንቨርተር የሚባሉት አዳዲስ ኤሲዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። የሚገባቸውን የኤሲ ኮረንቲ ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይለውጡና ከዚያ ኮምፕረሰሩን ይነዱታል። በውጭው ክፍል ካሉት ቦርዶች ብዙዎቹ ለፕሮሰሰሩ የሚሰጡትን 5 ቮልት የሚመሠርቱት በዚያው ዲሲ ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ነው። ቦርዱ ላይ «ግራውንድ» የተባለችው ነጥብ ከመሬት ከ100 ቮልት በላይ ልትርቅ ትችላለች። ሴንሰሩ ፕላስቲክ የለበሰች ትንሽ ሽቦ ናት፣ ማገናኛው ነጭና ለስላሳ ነው፣ ሁሉም ነገር የአሻንጉሊት ቦርድ ይመስላል። ይህ መልኩ ነው ሰው የሚያታልለው።

ከዚያ አንዱ የወርሻ ልጅ ላፕቶፑን ያመጣና የስህተት ኮዱን ለማንበብ በኬብል ያገናኘዋል። የላፕቶፑ ቻርጀር ኧርዝ ካለው፣ የቦርዱ ዜሮ በላፕቶፑ በኩል ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ ቦርዱም ላፕቶፑም በብልጭታ ይሄዳሉ። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ቢሠራ ደግሞ ምንም ብልጭታ አይታይም፤ የባሰው ይኸኛው ነው። አሁን ላፕቶፑ ራሱ ተንሳፋፊ ሆኗል፤ የብረት ጠርዙን የሚነካ እጅ መንገዱን ለመሬት ይሰጣል። መፍትሔው በመካከል የሚገባ፣ ለዚያ ቮልቴጅ የተፈተነ የዩኤስቢ ወይም የሲሪያል መነጠያ ነው። ከተቃጠለ ላፕቶፕ በጣም ያንሳል ዋጋው፤ ከሰው ጋርማ አይወዳደርም።

ኦሲሎስኮፕ ላላቸው ወርሻዎች አንድ ብርቱ ልመና አለኝ። የኦሲሎስኮፑ መለኪያ መያዣ ቆንጣጭ በውስጥ በኩል ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር የታሰረ ነው። ተንሳፋፊ ቦርድ ላይ ሲያስሩት ስለሚፈነዳ፣ አንዳንድ ሰው የሶኬቱን ሦስተኛ ጥርስ ይቆርጠዋል። ፍንዳታው ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የመሣሪያው አካል በሙሉ፣ ማዞሪያው ሳይቀር፣ የሚለካውን ነጥብ ቮልቴጅ ይሸከማል። በ300 ቮልት ላይ የቆመ የብረት ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሻይ መጠጣት ማለት ነው። ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው ይቁም። ለዚህ ሥራ ዲፈረንሻል ፕሮብ የሚባል መለኪያ አለ፤ ሁለት ነጥቦችን እርስ በርስ ይለካል፣ መሣሪያውን ግን ከመሬት አያላቅቀውም። መነጠያ ትራንስፎርመር የሚጠቀም ሰው ደግሞ የሚነጥለው የሚጠገነውን ዕቃ እንጂ መለኪያውን አይደለም። በተነጠለው ዕቃ ላይ የኦሲሎስኮፑን ቆንጣጭ ካሰራችሁበት ቅጽበት ጀምሮ ያ ነጥብ መሬት ሆኗል፣ ዕቃው መንሳፈፉን አቁሟል፤ የቀሩት ነጥቦች ሁሉ እንደገና አደገኞች ናቸው።

አሁን ብዙ ጊዜ ልወስድበት ወደምፈልገው ጉዳይ ደረስን። የሰናኢያ ዋና እንጀራ መኪና ነው፤ በሪያድ ጎዳናዎች ላይ ደግሞ ሃይብሪድ ካምሪዎች በዝተዋል። የብዙዎቹ ካምሪ ሃይብሪዶች ባትሪ 34 ሞጁሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት፣ ድምሩ 244.8 ቮልት ነው። ሞተሩን ሲነዳ በኢንቨርተሩ በኩል እስከ 650 ቮልት ይወጣል። ይህ ሁሉ በብርቱካናማ ገመድ ይጓዛል፤ ከመኪናው ሻሲ ጋር ግን አይነካካም። የ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጌቲቭ ሻሲው ላይ ታስሯል፤ ትልቁ ባትሪ ግን ሆን ተብሎ ተንሳፋፊ ተደርጓል። የባትሪ መቆጣጠሪያዋ ቦርድ የሞጁሎቹን ቮልቴጅ እዚያው ላይ ተንጠልጥላ ትለካለች፤ ውጤቱን ለ12 ቮልቱ ዓለም የምታስተላልፈው በመነጠያ በኩል ነው።

ለምን ተንሳፋፊ ተደረገ? አንድ ጫፉ በአደጋ ቢነካ ኮረንቲው የሚመለስበት መንገድ እንዳያገኝ ነው። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ከዚህ ምን ይከተላል? ከገመዶቹ አንዱ መሸፈኛው ተበልቶ ሻሲውን ቢነካ ምንም ነገር አይሰማችሁም። ፊውዝ አይቃጠልም፣ መኪናው ይሄዳል፣ ደንበኛው አያማርርም። የመጀመሪያው ጥፋት ድምፅ የለውም። ነገር ግን አሁን የመኪናው አካል በሙሉ የባትሪው አንድ ጫፍ ሆኗል፤ ክርኑን ሻሲው ላይ አስደግፎ በሌላኛው እጁ ሌላውን ጫፍ የሚነካ መካኒክ ሙሉውን ቮልቴጅ በደረቱ ያሳልፋል።

መኪናው ይህን ያውቃል፤ ይከታተለዋልም። መሸፈኛው ሲደክም ፒ0ኤኤ6 የሚል ኮድ ያወጣል። ይህን ኮድ በስካነር አጥፍቶ መኪናውን መስጠት ሰው ላይ ወጥመድ ማጥመድ ነው፤ ቃሌን አላለዝበውም። ቀጥሎ ቦኔቱን የሚከፍተው ምናልባት የአገራችሁ ልጅ ነው።

ኮዱ ከየት ይመጣል? እዚህ በሙቀት አገር ዋነኛ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የእናንተው የዕለት ሥራ ነው፤ ፍሪዮን መሙላት። በሃይብሪዱ ውስጥ ያለው የኤሲ ኮምፕረሰር በቀበቶ አይዞርም፤ በዚያው ትልቅ ባትሪ ኮረንቲ ይዞራል፤ ጠምዛዛ ሽቦው ደግሞ በፍሪዮኑና በዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ስለዚህ ዘይቱ ራሱ መሸፈኛ ነው። የተሠራለት ኤንዲ-11 የሚባለው የኤስተር ዘይት ነው። በተራ መኪና ውስጥ የምንጨምረው ፒኤጂ ዘይት ወደዚያ ሲገባ መሸፈኛነቱ ይወርዳል፣ ኮረንቲው ወደ ኮምፕረሰሩ ብረት፣ ከዚያም ወደ ሻሲው ይንጠባጠባል። ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ቀን ሙሉ ተራ መኪና ሲሞላ በዋለ ማሽንና ቱቦ ውስጥ የቀረው እንኳ ያበላሻል። ለሃይብሪድ የተለየ ቱቦ፣ ከተቻለም የተለየ ማሽን ይኑራችሁ። ይህን ለባለቤቱ የሚነግር ሠራተኛ ወርሻውን ከኪሳራ ያድናል፤ የተበላሸ ኮምፕረሰር ውድ ነውና።

ሥራውን ስትጀምሩ መኪናውን አጥፉ፣ ቁልፉን አርቁ፣ የ12 ቮልቱን ኔጌቲቭ ፍቱ። ለ1000 ቮልት የተፈቀደውን የጎማ ጓንት ልበሱ፤ ከመልበሳችሁ በፊት አየር ሞልታችሁ ጠቅልሉት፣ የሚተነፍስ ከሆነ ጣሉት። ሰርቪስ ፕላጉን ንቀሉና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት፤ ሌላ ሰው በቅንነት መልሶ እንዳይሰካው። 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በኢንቨርተሩ ተርሚናል ላይ ለኩ። ፕላጉ ሲነቀል የባትሪው ሰንሰለት ለሁለት ይከፈላል እንጂ ባትሪው ባዶ አይሆንም፤ ሣጥኑ ውስጥ በየክፋዩ ያለው ቮልቴጅ አሁንም ሰው ይጎዳል። ሽቦ ሳይነካ የሚጮኸው የብዕር ቴስተር ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚያውቀው ኤሲን ነው፣ ዲሲ ፊት ዝም ይላል። ዝምታውን «ሞቷል» ብሎ የሚተረጉም ሰው በሕይወቱ ይከፍላል።

በፋብሪካዎቹ ውስጥ ስላሉት የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች አጠር አድርጌ ልናገር። ባለ 400 ቮልቱ ድራይቭ በውስጡ 565 ቮልት ገደማ የሚደርስ ዲሲ ይይዛል። ላይኞቹን ሦስት ትራንዚስተሮች የሚያዝዙት ትናንሽ ሰርኪዩቶች ዜሮ በአንድ ቦታ አይቆምም፤ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ከታችኛው ጫፍ ወደ ላይኛው ይዘላል። በ15 ቮልት የሚሠራ ነገር ነው፣ ግን 15ቱ ቮልት ከነዜሮው ይወራጫል። ካጠፋችሁት በኋላ ካፓሲተሮቹ ይዘው ይቆያሉ፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያም ለኩ። መልቲሜትራችሁን ከመለካታችሁ በፊት በሚታወቅ ኮረንቲ ሞክሩት፣ ለክታችሁ ስትጨርሱም መልሳችሁ ሞክሩት። በመሐል የሞተ መለኪያ «ዜሮ» ብሎ ይዋሻል።

ከመካከላችሁ የራሳቸውን መቆጣጠሪያ የሚሠሩ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በእነሱ እኮራለሁ። ተንሳፋፊውን ቦርድ በብረት ሣጥን ውስጥ አስገቡትና ሣጥኑን ከቦርዱ ዜሮ ጋር እሰሩት፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ሁሉ በአንድነት ይንሳፈፋል። ከዚያ በውጭ ሌላ ሣጥን አድርጉለት፣ ይህኛውን ከኧርዝ ጋር እሰሩ፤ በሩ ሲከፈት ኮረንቲውን የሚቆርጥ ማጥፊያ ይኑረው። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለው ርቀት ለቮልቴጁና ለሪያድ አቧራ የሚበቃ ይሁን። ማዞሪያ ካስፈለገ በረጅም የፕላስቲክ ዘንግ አዙሩት፣ በብረት ዘንግ ፈጽሞ አይሁን። ኃይሉን የሚሰጠውን ትራንስፎርመር ስትገዙ ሻጩን «ስንት ወደ ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁት፤ «በሁለቱ ጥቅሎቹ መካከል በስንት ቮልት ተፈትኗል?» በሉት። ካፓሲተር ባለበት ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያፈስሰው ረዚስተር ግጠሙ፤ ረዚስተሩ ይቃጠላል ብላችሁም ተጠራጠሩ።

በዱቄት ቀለም ወርሻ የምትሠሩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባችኋል። መርጫው ጫፉ ላይ እስከ 100 ኪሎ ቮልት ይሠራል፤ ኮረንቲው ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ በራሱ አይገድልም። እዚያ የሚያስፈራው ተንሳፋፊ የሆነ ሰው ወይም ዕቃ ነው። ወፍራም የጎማ ጫማ ያደረገ ሰው ወይም ቀለም በተጋገረበት መንጠቆ ላይ የተሰቀለ ብረት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ከዚያ የምትወጣ ብልጭታ በአየር ላይ ያለውን ዱቄት ታቀጣጥላለች። መንጠቆውን በየጊዜው ፋቁት፤ ኮረንቲ የሚያሳልፍ ጫማ ጠይቁ።

ስለ ኧርዝ ብዙዎቻችሁ «ብረት ቀብረናል» ትላላችሁ። የዚህ አገር ደረቅ አሸዋ ግን ኮረንቲ በደንብ አይመራም። የተቀበረ ብረት ሁሉ ኧርዝ አይደለም፤ ተለክቶ ሲገኝ ነው ኧርዝ የሚሆነው። 30 ሚሊ አምፔር የሚያጠፋው መከላከያም ቢሆን የሚያየው ወደ መሬት የሚያመልጠውን ኮረንቲ ነው። በሁለት እጃችሁ ሁለቱን ጫፍ ብትይዙ፣ ወይም ከመነጠያ ትራንስፎርመር በኋላ ብትያዙ፣ ከአምፖል አይለያችሁም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ብዙዎቻችሁ ይህን እንደምታውቁት አውቃለሁ፤ የሚቸግራችሁ ጊዜ ነው። ሙዲሩ ይጮሃል፣ ደንበኛው ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ልጁ ያላበው እጁን ያስገባል፤ ላብ ደግሞ የቆዳን መከላከያ ያወርዳል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በዚህ አገር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ጣሪያ ላይ ኤሲ የምትጠግኑ ይህን መብታችሁን እወቁ። ለወርሻ ባለቤቶች ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ፦ አንድ ዲፈረንሻል ፕሮብ፣ አንድ ጥንድ የተፈተነ ጓንት፣ ለ1000 ቮልት የተመደበ አንድ መልቲሜትርና አንድ መነጠያ ከጠፋ ሥራው አይጀመር። ልጅ ብቻውን ክፍት ድራይቭ ላይ አይተው። ጀማሪውም «አላውቀውም» ሲል አይሰደብ፤ የተሰደበ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይነካል።

ሰው በኮረንቲ ሲያዝ ካያችሁ ሮጣችሁ አትጎትቱት፤ መጀመሪያ ኮረንቲውን ቁረጡ። ሃይብሪድ ከሆነ መኪናውን ማጥፋት ብቻውን ከባትሪው ሣጥን ላይ የተያዘውን አያላቅቀውም፤ ጓንት ለብሳችሁ ወይም በደረቅ እንጨት ከብረቱ ለዩት። ካፓሲተሩ ገና ሙሉ ሊሆን ስለሚችል መሣሪያውን እናንተም አትንኩት። በሪያድ 911 ወይም ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ደውሉ፤ «ከህረባ ይዞት ነው፣ ሰናኢያ ነን» በሉና የመንገዱን ስምና በቅርብ የሚታወቅ ሱቅ ንገሯቸው። የማይተነፍስ ከሆነ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ አጥብቃችሁ በፍጥነት ግፉ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታው እስኪደርስ ሳታቋርጡ። ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድና የልቡ ምት ይታይለት፤ ኮረንቲ ያለፈበት ልብ ከሰዓታት በኋላ ሊታወክ ይችላል። ኢቃማው ጊዜው አልፎበታል ብላችሁ ወርሻ ውስጥ አትደብቁት። መጀመሪያ ይታከም፤ የወረቀቱን ጉዳይ አብረን እንነጋገርበታለን።